የመዋኛ ገንዳን በክረምት ስለ መዝጋትና ስለ ነጋዴው ድርሻ

የሰኔ ዝናም በጀመረ ጊዜ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን የመዋኛ ገንዳ ካላቸው ሆቴሎች መካከል፣ ዋናተኛ ስለሚቀንስባቸው ፓምፑን አቁመውና ክሎሪኑን አቋርጠው ገንዳውን እስከ መስከረም ለሰማይ የሚተዉ አሉ። ሐሳባቸው ወጪን መቆጠብ ነው። የዕንቍጣጣሽ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ግን የሚያገኙት ወለሉ የማይታይ፣ ግድግዳው የሚያዳልጥ አረንጓዴ ውኃ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ አስመጪው መደብር ይሮጣሉ፤ አስመጪውም ዕቃውን ጨርሶ ይገኛል። ጥፋቱ የባለ ሆቴሉ ብቻ እንዳይመስለን ይህን ለነጋዴው ወገን መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከውጭ በሚመጣው መድኀኒት ማሸጊያ ላይ ስለ ክረምት የሚነበበው መመሪያ የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ ክረምት ማለት ውኃን በረዶ የሚያደርግ ብርድ ነው፤ ባለ ገንዳው የሚፈራው ቧንቧው እንዳይፈነዳበት ስለ ሆነ ውኃውን ከቧንቧው ያወጣል፣ ገንዳውንም በሸራ ይሸፍናል። አልጌ የሚባለው ረቂቅ የውኃ ተክልም በብርዱ ኀይል እድገቱ እጅግ ይዘገያል። የእኛ ክረምት ግን የዝናም ወራት ነው። ውኃው በረዶ አይሆንም፤ አልጌውም አያርፍም፤ በደመና ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይበቃዋል። ዝናሙ ደግሞ ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፤ ከአትክልቱ ቦታ አፈርና ማዳበሪያ አጥቦ ካገባም ለአልጌው ቀለብ ይሆነዋል። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚዘንመው ከ400 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ተኩል፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ገንዳ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ በእነዚህ ሁለት ወራት ከሰማይ የሚወርድበት ብቻ 125 ሜትር ኩብ ነው። ይህን አስቦ መመሪያውን ለአገራችን እንዲስማማ አድርጎ በአማርኛ ያሳተመ አስመጪ ቢኖር ከማስታወቂያ የበለጠ ገበያ ያገኝበት ነበር።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ከመዝጋት አስቀድሞ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል፣ ማጣሪያው ይታጠባል፣ የውኃው ፒ ኤች በ7.2 እና በ7.6 መካከል ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሜትር ኩብ 10 ግራም ክሎሪን ይጨመራል፤ ይኸውም ከላይ ላሰብነው ገንዳ 65 ከመቶ ኀይል ያለው ዱቄት 8 ኪሎ ቢጎድል ጥቂት ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ይሠራል። የአልጌ መከላከያው የሚጨመረው የክሎሪኑ ብዛት ከበረደ በኋላ ነው፤ ብርቱ ክሎሪን ብዙውን ዓይነት መከላከያ ያበላሸዋልና። ከዚያም ሸራ ይደረግበታል፤ ፓምፑ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ ውኃውም በየሳምንቱ ይመረመራል። ገንዳውን ጨርሶ ባዶ ማድረግ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ስለሚል ባዶውን ገንዳ ከሥሩ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። በመስከረም ውኃውን ሁሉ መድፋትም ቢሆን፣ 10 ሜትር ኩብ የሚጭን ቦቴ 50 ጊዜ እንዲመላለስ ማድረግ ነው፤ የከተማው ሕዝብ ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ጊዜ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አስመጪዎቻችንን የምንወቅስበት ነገር አለ። ክሎሪኑን ያመጣሉ፤ የውኃ መመርመሪያውን ግን ገበያ የለውም ብለው ይተዉታል። ፒ ኤች 7.2 በሆነ ጊዜ ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው ይሠራል፤ ወደ 8 ሲወጣ የሚሠራው ከሩብ አይበልጥም። እንግዲህ መመርመሪያ የሌለው ደንበኛ በውጭ ምንዛሪ ከገባው ዕቃ አብዛኛውን በከንቱ ይደፋዋል፤ በኋላም መድኀኒቱ አይሠራም ብሎ የነጋዴውን ስም ያጠፋል።

ሳያውቁ መድኀኒት መጨመር ትልልቆቹንም አሳፍሯል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ ላይ የጠላቂዎቹ ገንዳ በዓለም ፊት አረንጓዴ ሆነ። አዘጋጆቹ እንደ ገለጹት 80 ሊትር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ተጨምሮ የክሎሪኑን ኀይል አጥፍቶት ነበር። ሁለቱም ለየብቻቸው ውኃ የሚያጠሩ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን ይጣፋሉ። በአጠገቡ ላለው ገንዳ ከ3 ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ውኃ መለወጥ ግድ ሆነ።

ባለ ሱቆችም ድርሻ አላቸው። ክሎሪን ከበርሜል እየተዘገነ ስምና ኀይሉ፣ የተሠራበትም ቀን ሳይጻፍበት በፌስታል የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ከአሲድ ጋራ ቢገናኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ካልሲየም ሃይፖክሎራይትና ትራይክሎር የሚባሉት ሁለቱ የክሎሪን ዓይነቶች እንኳ እርስ በርሳቸው ቢደባለቁ እሳት ያስነሣሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ ኮኒየርስ በምትባለው ከተማ፣ የገንዳ መድኀኒት በተከማቸበት ፋብሪካ ውኃ ዕቃውን ነክቶት በተነሣው ቃጠሎ 17,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል። ጣራው በሚያፈስ መጋዘን ክሎሪን የሚያከማች ሰው ይህን ያስብ። ርካሽ ነው ተብሎ ስለሚፈለገው ኮፐር ሰልፌትም፣ አልጌን መግደሉ እውነት ቢሆንም የገንዳውን ግድግዳ እንደሚያቆሽሽ፣ የዋናተኛውንም ጠጕር ሊያረነጕድ እንደሚችል ሻጩ አስቀድሞ መናገር አለበት።

የቀረው የጊዜ ነገር ነው። ክሎሪን በመርከብ በአደገኛ ዕቃ ሥርዐት የሚጓዝ ስለ ሆነ ሰነዱ ብዙ ነው፤ በጅቡቲ ሙቀት በቈየም መጠን፣ ይልቁንም ፈሳሹ፣ ኀይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለመንገዱ ዱቄቱ ይሻላል። የባንኩ ጉዳይ፣ የባሕሩ ጉዞና የጉምሩኩ ፍተሻ ሲደመሩ፣ ዕቃው በግንቦት መደብር እንዲገኝ ትእዛዙ ከጥር ማለፍ የለበትም። ሸራው ቢያድር አይበላሽም፤ የመመርመሪያው ጠብታ ግን ጊዜው የሚያልፍበት ስለ ሆነ፣ ከአንድ ዓመት ሽያጭ በላይ ማዘዝ አያስፈልግም።