በአንድ ኩንታል ስንት ከሰል?



የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በናረ ቁጥር ለሕዝቡ የሚነገረው ምክንያት የታወቀ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመለዋወጫ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ፋብሪካዎቻችን አንድ ኩንታል ምርት ለማውጣት ስንት ነዳጅና ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ? የሌላው አገር ፋብሪካስ?

እኛ የተማርነው ሕግ እንጂ ምህንድስና አይደለም፤ ሆኖም ቁጥሩ ለማንም ግልጽ ነው። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚገኘው ጥሬ ዕቃው ከ1400 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው። አሮጌው እርጥብ ዘዴ ጥሬ ዕቃውን በውኃ አቡክቶ ወደ ምድጃ ስለሚከት አስቀድሞ ያንን ውኃ ማትነን አለበት። በዚህም ለአንድ ኩንታል ክሊንከር ከ20 ኪሎ በላይ ጥሩ የድንጋይ ከሰል ይበላል። ከምድጃው በሚወጣው ትኩስ ጭስ ጥሬ ዕቃውን አስቀድሞ የሚያሞቅ፣ በደረቅ ዘዴ የሚሠራ ዘመናዊ ፋብሪካ ግን 12 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ልዩነቱን የሚከፍለው ቤት ሠሪው ነው።

በዚህ ረገድ ከፊት ከተሰለፉት አንዷ ሕንድ ናት። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቿ ለአንድ ቶን ክሊንከር በአማካይ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ከአሜሪካኖቹ ያነሰ ነው። «ድሃ ስለሆንን ነው» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል። በእርግጥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች አዳዲስ መሆናቸው ሕንድን ረድቷታል፤ ታዲያ የእኛም የደርባና የለሚ ፋብሪካዎች የቅርብ ጊዜ አይደሉምን? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የኢነርጂ ቁጠባ ሕግ አወጣች። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለኃይል ማመንጫ ድርጅቶች ለየአንዳንዳቸው የፍጆታ ግብ ሰጠች። ከግቡ አሳልፎ የቆጠበ የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ያልቻለው ከእርሱ ይገዛል።

ጃፓንም ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችውና በየጊዜው ባሻሻለችው ሕግ፣ ብዙ ኃይል የሚፈጅ ፋብሪካ ሁሉ የኢነርጂ ኃላፊ እንዲመድብና ፍጆታውን ለመንግሥት እንዲያስታውቅ አስገደደች። የብረት ፋብሪካዎቿ የጋለ ኮክን በውኃ ማጥፋቱን ትተው፣ ከሶቪየት ኅብረት በተገዛ ዘዴ በጋዝ እያቀዘቀዙ ከሙቀቱ ኤሌክትሪክ ማውጣት የያዙት በዚያው ዘመን ነው።

በኃይል ማመንጨትም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አሮጌ የከሰል ጣቢያ ካቃጠለው ሙቀት ሢሶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጥ፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ያስጀመረችው የኖርድዩላንድ ጣቢያ 47 በመቶ ደርሷል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ከ70 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጩ አባካኝ ትናንሽ ጣቢያዎቿን ዘግታለች፤ ይህም ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ 13 እጥፍ በላይ ነው።

«እኛ በከሰል አናመነጭም፤ ኃይላችን ከውኃ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ በግድቦቻችንም እንኮራለን። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፉ የኢነርጂ ስታቲስቲክስ የውኃ ኃይል ምንም ብክነት እንደሌለበት፣ መቶ በመቶ ተደርጎ ይመዘገባል። ይህ በሰንጠረዥ ላይ መልካም ስም ያሰጠናል፤ ከተርባይኑ በኋላ የሚጠፋውን ግን አያሳይም። ከምናመነጨው አንድ አምስተኛ ገደማው በመስመር፣ በትራንስፎርመርና ባልተቆጠረ ፍጆታ ሲባክን ኖሯል። በደቡብ ኮሪያ ከመቶው አራቱ እንኳ አይጠፋም።

ሕግ የለም እንዳይባል የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ፤ ስለ ቁጠባም ይደነግጋል። የየፋብሪካው ፍጆታ በስሙ ተዘርዝሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ሲታተም ግን አላየንም። ያልታተመ ቁጥር ይዞ በምክር ቤት ማንንም መጠየቅ አይቻልም።

በመሆኑም ፓርቲያችን ቢመረጥ፣ ማንኛውም የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካ በኩንታል የሚፈጀውን ነዳጅና ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክ አከፋፋዩም በየከተማው የሚያባክነውን በገለልተኛ መርማሪ አስለክቶ እንዲያሳትም በሕግ ይገደዳል። ንጽጽሩ አቻ ለአቻ ይሆናል፤ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጠውን ከብረት ማዕድን ከሚያመርተው ጋር ማመዛዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር በመጀመሪያው የበጀት ዓመታችን ይወጣል፤ የመንግሥት ፋብሪካዎች ስም ከላይ ይሰፍራል።