የቤዝ ጊታር ማጉያና የድምፅ ሳጥኑ ተጣጥመው ይሸጡ

የነጋዴ ሥራ ዕቃን ከወደብ አንሥቶ ወደ መደብር፣ ከመደብርም ወደ ገዢው እጅ ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ለተፈለገበት ጉዳይ የሚውል መሆኑን ማረጋገጥም የሥራው ክፍል ነው። ይህ እውነት በብዙ የንግድ ዘርፍ ታውቆ ይሠራበታል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዘመን ሳይጠይቅ ዕቃ አይሰጥም፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጥም አስቀድሞ የጕድጓዱን ጥልቀት ይጠይቃል። የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ግን፣ በተለይም የቤዝ ጊታር ማጉያና የድምፅ ሳጥን ሽያጭ፣ ከዚህ መልካም ልማድ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለናል። ማጉያው ለብቻው፣ ሳጥኑም ለብቻው፣ በዋጋና በግዙፍነት ይመረጣል፤ ሁለቱ ይስማሙ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሻጭም ገዢም ጥቂት ነው።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ሒሳቡን ይመልከት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ ባለመጣጣም ምክንያት የተቃጠለ ማጉያ ወይም የተቀደደ ስፒከር፣ በእርሱ ምትክ ሌላ ሲመጣ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ምንዛሪ ማፍሰስ ይሆናል። ገዢውም ብዙውን ጊዜ ባለጠጋ አይደለም፤ ከሠርግና ከምሽት ክበብ ሥራ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመ ወጣት ሙዚቀኛ፣ ወይም አባላቱ አዋጥተው የላኩት የመዘምራን ቡድን ነው። የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ በአንድ ምሽት ጢስ ሆኖ ሲቀር፣ ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚጠፋው የመደብሩ ስም ነው።

ቤዝ ጊታር ከሌላው መሣሪያ ተለይቶ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተራው ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፣ ባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራም ክር 41 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል፤ የባለ አምስት ክሩም እስከ 31 ይወርዳል። ይህን የመሰለ ዝቅተኛ ድምፅ ከርቀት እንዲሰማ ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት፣ ለዚህም ረጅም ርቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ለዚህ ያልተሠራ ስፒከር ከልኩ አልፎ ይንቀሳቀስና ይጎዳል። በአገራችን ማናቸውም ትልቅ የድምፅ ሳጥን ሞንታርቦ ይባላል፤ ስሙ ግን የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ነው። አንድ ስም ለሁሉ መዋሉ፣ አንዱ ሳጥንም ለሁሉ የሚሆን አስመስሎታል። ለንግግርና ለዘፈን የተዘጋጀ ትንሽ ሳጥን የቤዝን ሸክም እንዲችል መጠበቅ ግን የቤት መኪና የጭነት መኪናን ሥራ እንዲሠራ እንደ መጠበቅ ነው።

የመሣሪያው ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 የአሜሪካው የፌንደር ፋብሪካ ፕሪሲሽን የተባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ በተራ ጊታር ማጉያ እንዲጫወቱበት አልተወም፤ በማግሥቱ ዓመት ባስማን የተባለውን፣ ባለ 15 ኢንች ስፒከር የተገጠመለትን ልዩ ማጉያ አስከተለ። አምፔግ የተባለው ፋብሪካም በ1969 ኤስ ቪ ቲ የተባለውን የ300 ዋት ማጉያ ሲያወጣ፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያላቸው ሁለት ሳጥኖች እንዲገጠሙለት ነበር፤ አንዱ ሳጥን ብቻውን ያን ሁሉ ኃይል እንዲሸከም አልታሰበም ነበርና። እንግዲህ ሠሪዎቹ ከመጀመሪያው ማጉያንና ሳጥንን እንደ ጥንድ ሲያስቡ፣ እኛ ሻጮቹ ጥንዱን ለያይተን የምንሸጥበት ምክንያት አይታየንም።

ጥንዱ የሚስማማው በምን እንደ ሆነ ማወቅ መሐንዲስ መሆንን አይጠይቅም። የመጀመሪያው መለኪያ ኦም ነው፤ ይኸውም ሳጥኑ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሰጠው ተቃውሞ ነው። የቤዝ ሳጥኖች በአብዛኛው ባለ 8 ወይም ባለ 4 ኦም ናቸው። ማጉያውም በጀርባው ላይ ሊሸከመው የሚችለው ዝቅተኛ ኦም ተጽፎበታል፤ ብዙውን ጊዜ 4 ነው። ገዢዎችን የሚያሳስተው ሁለት ሳጥኖች በአንድነት ሲገጠሙ ኦሙ የሚደመር መስሎ መታየቱ ነው፤ በተለመደው አገጣጠም ግን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አብረው 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም 2 ይሆናሉ፤ ሦስት ባለ 8 ኦም ደግሞ 2.7 ያህል ይሆናሉ። ዝቅተኛው 4 ኦም በሆነ ማጉያ ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥኖችን የሚሰካ ሰው ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ፍሰት እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ማጉያውም ይግላል፣ መከላከያ ካለው ራሱን ያጠፋል፣ ከሌለው ይቃጠላል። ስለዚህ ወደ ፊት ሁለተኛ ሳጥን ለመጨመር ለሚያስብ ገዢ ከመጀመሪያው ባለ 8 ኦም ሳጥን መሸጥ ብልህነት ነው። ባለ አምፑል የሆነው የቀድሞው ዓይነት ማጉያ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ በጀርባው ያለው መምረጫ ከሳጥኑ ኦም ጋር መስተካከል አለበት፤ ያለ ሳጥንም ከቶ መከፈት የለበትም።

ሁለተኛው መለኪያ ዋት ነው፤ የገበያው አለመግባባት አብዛኛው የሚነሣውም ከዚህ ነው። በሳጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው የላይኛው ልክ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሸከመው ኃይል ከዚያ ቁጥር ግማሹ፣ አንዳንዴም ሩቡ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው መጠየቅና መጻፍ የሚገባው ሳያቋርጥ የሚሸከመውን ነው። የማጉያውም ዋት ከኦሙ ተለይቶ አይነገርም፤ በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጥ ማጉያ በ8 ኦም በግምት ከ250 እስከ 300 ዋት ይሰጣል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሳጥኑ ሳያቋርጥ የሚሸከመው ኃይል ማጉያው በዚያው ኦም ከሚሰጠው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። ይህም ሆኖ ድምፁ ሲሻክርና ስፒከሩ ሲንኳኳ ከተሰማ ማጉያውን መቀነስ እንደሚገባ ለገዢው መንገር ያሻል።

ሦስተኛውን መለኪያ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይጠይቁታል፤ ለአስመጪ ግን ከሁሉ የበለጠ ትርፍ ያለው እርሱ ነው። ይኸውም ሳጥኑ በአንድ ዋት፣ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ኃይልን በእጥፍ እንደ መጨመር ይቆጠራል። ስለዚህ 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ሳጥን በ150 ዋት ማጉያ የሚያሰማውን ድምፅ፣ 97 ዴሲቤል የሚሰጠው ሳጥን የሚያሰማው በ300 ዋት ማጉያ ነው። ይህን የሚያውቅ አስመጪ በዋት ላይ ገንዘቡን ከማፍሰስ በመልካም ሳጥን ላይ ያውላል። ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሁልጊዜ ከባለ 10 ኢንች የወፈረ ድምፅ ይሰጣል የሚለው አነጋገርም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሳጥኑ ስፋትና የአየር መውጫው ልክ ከስፒከሩ ስፋት ያላነሰ ድርሻ አላቸው።

ከዚህ አያይዘን አንድ አሳብ ለመሰንዘር እንወዳለን። የድምፅ ሳጥን አብዛኛው አካሉ አየር ነው። ባዶ ሣንዱቅ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም እስከ አዲስ አበባ ማጓጓዝ ለአየር ኪራይ መክፈል ነው። ማጉያዎች ዛሬ እጅግ ቀለዋል፤ ብዙ መቶ ዋት እየሰጡ ሦስት ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞሉ አሉ፤ ኒዮዲሚየም በተባለው ማግኔት የሚሠሩ ስፒከሮችም ከቀድሞዎቹ በብዙ ይቀላሉ። ስለዚህ ማጉያውና ስፒከሩ ከውጭ መጥተው ሳጥኑ በአገራችን አናጢዎች ከጠንካራ ኮምፔንሳቶ ቢሠራ፣ ምንዛሪው ይቆጠባል፣ የእጅ ሥራውም ይስፋፋል። ነገር ግን ሳጥኑ በዓይን ግምት መሠራት የለበትም። በአውስትራልያ ኔቪል ቲል በ1961 ያሳተመው፣ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ስሌት ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚስማማውን የሳጥን ስፋትና የአየር መውጫ ልክ ለማወቅ ያስችላል፤ መልካም ፋብሪካዎችም ለስሌቱ የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች ከስፒከሩ ጋር በሚሰጡት ወረቀት ላይ ያትማሉ። ያን ወረቀት ሳይቀበል ስፒከር የሚያዝ አስመጪ ግማሹን ዕቃ ከፋብሪካው ትቶ እንደ መጣ ይቆጠራል።

በእኛ አስተያየት እንዲደረግ የሚገባው የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ አስመጪው የትእዛዝ ደብዳቤውን ሲጽፍ የማጉያውን ዝቅተኛ ኦም፣ በየኦሙ የሚሰጠውን ዋት፣ የሳጥኑን ኦም፣ ሳያቋርጥ የሚሸከመውን ዋትና ዴሲቤሉን በጽሑፍ ይጠይቅ። ማጉያው በ220 ቮልትና በ50 ሄርትዝ የሚሠራ መሆኑንም ያረጋግጥ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ነውና። ሁለተኛ፣ ባለመደብሩ በየማጉያውና በየሳጥኑ ላይ እነዚህን ቁጥሮች በአማርኛ የያዘ ወረቀት ይለጥፍ፤ በደረሰኙም ላይ ማጉያው ከየትኛው ሳጥን ጋር እንዲሠራ እንደ ተሸጠ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ትክክለኛው የስፒከር ገመድ አብሮ ይሸጥ፤ ጊታሩን ከማጉያው የሚያገናኘው ቀጭን ገመድ ሳጥኑን ከማጉያው ለማገናኘት አይሆንም፤ ከመልኩ በቀር ተመሳሳይነት የለውምና። አራተኛ፣ ገዢው ማጉያ በቤቱ ካለው የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሳያሳይ ሳጥን አይሸጥለት።

ለዚህ አሳብ ተቃውሞ የሚያቀርቡ አይጠፉም። ደንበኛው የሚፈልገው ትልቅ ቁጥርና ትንሽ ዋጋ ነው፤ እኛ እውነተኛውን 250 ብንጽፍ ጎረቤታችን 1000 ጽፎ ይሸጣል፣ እኛ ግን ዕቃችንን ታቅፈን እንቀራለን ይላሉ። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም፤ ለጊዜው እውነትነት አለው። አንድ መደብር ብቻውን እውነተኛውን ቢጽፍ ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ግን እውነቱን መተው ሳይሆን በአንድነት መጻፍ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚነግዱ አባላት ተሰብስበው ሳያቋርጥ የሚሸከመው ዋት ብቻ እንዲጻፍ ቢስማሙ፣ ከስምምነቱ ውጭ የሆነው ቁጥር ራሱ መጠራጠርን ያመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ደግሞም ሙዚቀኞች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ዕቃው የተቃጠለበት አንድ ቤዝ ተጫዋች የገዛበትን መደብር ስም በሳምንት ውስጥ ለባልንጀሮቹ ሁሉ ያዳርሳል፤ ዕቃው ዓመታት ያገለገለውም እንዲሁ።

የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ በቤዝ ጊታር ላይ የቆመ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት እንደ ነበረው እንደ ዋልያስ ያሉ ባንዶች ዜማቸው የሚረግጠው ምድር የቤዙ ድምፅ ነበር፤ ዛሬም በየመድረኩ እንዲሁ ነው። ያ ድምፅ ለአድማጩ ጠርቶ የሚደርሰው ሙዚቀኛው ስለ ተካነ ብቻ ሳይሆን አስመጪው የጠየቀው፣ ባለመደብሩም የጻፈው ቁጥር እውነተኛ ሲሆን ነው። በሚመጣው ትእዛዝ ላይ አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም። ክቡራን አስመጪዎችና ባለመደብሮች ይህን አሳብ መርምረው፣ የጋራው የመለያ ወረቀት ምን ምን እንዲይዝ በቅርቡ ተሰብስበው ቢወስኑ፣ ለንግዱ ክብር፣ ለገዢውም ዕረፍት ይሆናል እንላለን።