ከምትሸጡት በፊት የምታውቁትን ቁጠሩ
«ቲቸር፣ የቤተሰብ ቢዝነስ ልንጀምር ነው፤ ምን ብንሸጥ ያዋጣል?» እያላችሁ በኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ ተማሪዎቼ፦ ጥያቄያችሁ ከመሃል የጀመረ ነው። መጀመሪያ «እኛ ቤት ምን ይታወቃል?» በሉ።

አሜሪካዊውን ማርቲን ጁን እዩት። ሰውየው ራሱ አማተር ሬዲዮኛ ነው፤ ማለትም ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል፣ ፈቃድ አውጥቶ ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ የሚገናኝ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ስታርክቪል በምትባል ከተማ፣ አንድ የሆቴል ክፍል ተከራይቶ ኤምኤፍጄን ጀመረ። የመጀመሪያ ዕቃው አንዲት ትንሽ ፊልተር ነበረች፤ ሞርስ ኮድ ሲያዳምጡ የሚረብሸውን ድምፅ የምታጣራ። ገበያ አላስጠናም ማለቴ አይደለም፤ ገዢው ግን እሱን መሰል ሰው ነበር። ምን እንደሚቸግረው ያውቃል።

ዕቃዎቹ በጥራት ይታሙ ነበር። እሱ ግን «ምንም ይሁን ምን» የሚል የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጠ፤ ራስህ ብታበላሸው እንኳ ይጠገንልሃል፣ ካልሆነም ይቀየርልሃል። ዕቃውን ከውስጥ የማያውቅ ነጋዴ እንዲህ ብሎ ቃል መግባት ይችላል? አይችልም! ስታርክቪል ላይ ማምረት ያቆመው በ2024 ነው፤ ከ52 ዓመት በኋላ።

እኛ ጋ ግን ጎረቤት ያተረፈበትን አይቶ፣ የእናትን ቤት ባንክ አስይዞ፣ የማያውቁትን ዕቃ ማስጫን ተለምዷል። ከስራችሁ ቤተሰብ ጎዳና ይወጣል እኮ!

እስቲ እናንተ ቤት ሰው መጥቶ የሚጠይቃችሁ ሙያ ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከዚያ እንነጋገር።