ለያሆዴና ለመሳላ ቤታችንን ከበረሮ እናጽዳ

ነሐሴ ሲቃረብ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ የመስቀል ሽር ጉድ ይጀመራል። እናቶች ዊጆ በተባለው ዕቁባቸው ሲያጠራቅሙ የቆዩትን ቅቤ ያስባሉ፤ አባቶች ለሰንጋ መግዣ ያዋጡትን ይቆጥራሉ፤ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ ግቢ ይጸዳል። ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን በንጹሕ ቤት መቀበል ወጉ ነው። ዘንድሮ በዚህ ዝግጅት ላይ አንድ ሥራ እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ተነሥቶ፣ በረሮን ከየቤቱና ከየምግብ ቤቱ ያጥፋ።

«ሁሉም በየፊናው ቢያጸዳ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይበቃም። የከተሞቻችንን የኪራይ ግቢ አስቡት። ስድስትና ሰባት ክፍል በአንድ ረድፍ ተደርድሮ፣ ጣራው አንድ፣ ኮርኒሱ አንድ፣ በመካከል ያለው ግድግዳ የተሰነጠቀ ጭቃ። አንዱ ተከራይ ፍሊት ሲነፋ በረሮው በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ ከጎረቤት ይገባል፤ ሽታው ሲጠፋ ይመለሳል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ጎረቤት ይነፋል። እንዲህ እየተባለ ዓመት ይሞላል፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሕፃናቱ መርዙን ይተነፍሳሉ፣ በረሮው ግን ከግቢው አይወጣም።

ጠላታችንን በቅጡ እንወቀው። በ1999 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዝዋይ 6,480 በረሮዎች አጥምደው መርምረው ነበር። ከአዲስ አበባ የተያዙት 2,240 በሙሉ፣ ከዝዋዮቹም ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ የጀርመን በረሮ የሚባለው፣ ትንሹ፣ ቡናማው፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያለበት። ወጥ ቤታችን ውስጥ መብራት ስናበራ የሚበተነው እሱ ነው። ይህ በረሮ ከሰው ቤት ውጭ የዱር ኑሮ የለውም። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ስለሆነች ደግሞ ሜዳ ላይ አይዘልቅም። የሚመጣው እኛው ተሸክመነው ነው፤ ከመርካቶ በተጫነ ካርቶን፣ በቢራና በለስላሳ ሳጥን፣ በአሮጌ ፍሪጅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት። ከገባ በኋላ ሙቀት ፈልጎ ይሰፍራል። ስለዚህ ክረምቱ ያግዘናል። በብርዱ ወቅት ከፍሪጅ ሞተር ሥር፣ ከኤሌክትሪክ ምጣድና ከስቶቭ ጀርባ፣ ከቴሌቪዥን ሪሲቨር ውስጥ፣ ሻይ ቤት ከሆነም ከማኪያቶ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። በሙቀት ወራት ከሚበተንበት ይልቅ አሁን ለማግኘት ይቀላል።

ሌላም አለ፤ ትልቁ፣ ቀላ ያለው፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከፍሳሽ ቱቦ የሚወጣው። የእሱ መድኃኒት በዋናነት ክዳንና ወንፊት ነው፤ የጉድጓዱን አፍ መክደን፣ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ በወንፊት መሸፈን፣ ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈን።

ጉዳቱ ከመጸየፍ ያለፈ ነው። ያ የአዲስ አበባና የዝዋይ ጥናት በበረሮዎቹ ገላና አንጀት ላይ የአሜባ፣ የወስፋት፣ የኮሶና የሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንን እንቁላልና ዘር አግኝቷል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎችና ምግብ ቤቶች የተደረገ ሌላ ጥናት ሳልሞኔላና ሺጌላ የተባሉትን ባክቴሪያዎች አገኘ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተያዙ በረሮዎች ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይበግራቸውን ጀርሞች ተሸክመው ተገኝተዋል። ይህ ማለት የልጃችን ተቅማጥ ሁሉ ከበረሮ መጣ ማለት አይደለም። ሌሊት ከሽንት ቤት ተነሥቶ በተቆረጠ ዳቦ ላይ የሚሄድ ፍጡር ግን ምን ይዞ እንደሚሄድ በራሳችን አገር ተመርምሮ ታውቋል። አስምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ከተሞች የአስም ሕሙማን ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት፣ ለበረሮ አለርጂ የሆኑና ቤታቸው በረሮ የበዛበት ልጆች በአስም ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙት ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ።

እንግዲህ ሥራው በውኃ ይጀምራል። የጀርመን በረሮ ምግብ እያለው እንኳ ውኃ ካጣ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ምግብ አጥቶ ውኃ ካገኘ ግን አንድ ወር ያህል ሊቆይ ይችላል። ሌሊቱን ደረቅ ማድረግ ከማንኛውም መርዝ ይልቃል የምለው ለዚህ ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዕቃ ማጠቢያውን በጨርቅ አድርቁ፤ ጨርቁን ጨምቃችሁ ውጭ ስቀሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉና ባልዲው ክዳን ይኑረው፤ የጀሪካኑ ቡሽ ይጠበቅ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዚህ ሳምንት ይሠራ። ከቡና በኋላ ስኳር የቀረበት ሲኒ ረከቦት ላይ አይደር። የቆጮ መጠቅለያ ኮባ ወጥ ቤት ጥግ አይከማች፤ ቡላውና ሽሮው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይግባ። መሶቡን ፀሐይ ሲወጣ አስጡት፣ ስፌቱን አራግፉ፤ ካርቶን ደግሞ ዕቃው እንደወጣለት ከቤት ይውጣ።

ከዚያ ስንጥቁን መድፈን ይመጣል። ጫጩቱ በረሮ ሁለት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ክፍተት ይገባል። ጭቃ ቤት ያለን መስቀል ሲደርስ ግድግዳችንን መምረጋችን አይቀርም፤ ዘንድሮ ከሳሎኑ በፊት ወጥ ቤቱ ይመረግ። እንግዳ የሚያየው ሳሎኑን ቢሆንም እንግዳው የሚበላው ከወጥ ቤቱ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። በቆርቆሮ የሚነፋው ፍሊት ያገኘውን በረሮ ይገድላል፤ የተደበቀውን ይበትናል። ብዙዎቹ ፍሊቶች የሚሠሩበትን የመርዝ ዓይነት የጀርመን በረሮ በበርካታ አገሮች ተላምዶታል፤ የተረፈው ደግሞ የሚወልደው እንደ ራሱ የማይሞተውን ነው። የሚሻለው የሚበላ ማጥመጃ ነው፤ ጄል የሆነው። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በምጣዱ ጀርባ፣ በቁም ሳጥኑ ማጠፊያ፣ በፍሪጁ ሥር ማድረግ ይበቃል። በረሮው በልቶ ወደ ጎሬው ይመለሳል፣ እዚያ ይሞታል፤ ሌሎቹ የእሱን ኩስና ሬሳ በልተው ይከተሉታል። ማጥመጃው ባለበት ግን ፍሊት አትንፉ፤ ሽታው ያሸሻቸውና ሳይበሉት ይቀራሉ። ለመግዛት የማይችል ደግሞ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ ከትቶ የአፉን የውስጥ ጠርዝ ቫዝሊን ይቀባ፤ የገባው መውጣት አይችልም። ጠዋት የሳሙና ውኃ ሲፈስበት ይሞታል። ጠርሙሱ ስንት እንደያዘ መቁጠርም ሥራው ወዴት እንደሄደ ይነግራል።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የእርሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ አትርጩ። በየገበያው ማላታይንና ስሙ የማይታወቅ ፈሳሽ በሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ መለያ ጽሑፍ የሌለውን የሚሸጥላችሁን አትግዙት። የገዛችሁትም ካለ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ ሳትደፉ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አሳዩት።

አሁን ለምግብ ቤት፣ ለዳቦ ቤት፣ ለሥጋ ቤት፣ ለሻይና ለጁስ ቤት ባለቤቶች ልናገር። ከተሞቻችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሆቴልና በካፌ ተሞልተዋል፤ ብዙው ወንድሞቻችን ደቡብ አፍሪካ ወጥተው በላባቸው በላኩት ገንዘብ የቆመ ነው። ያ ላብ በወጥ ቤት ንጽሕና ጉድለት እንዲባክን አልፈልግም። ከእናንተ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። ዕቃ ሲመጣላችሁ ካርቶኑንና ሳጥኑን ውጭ አራግፉ፣ ባዶውን ሳጥን ከወጥ ቤት አርቁ። የማኪያቶ ማሽኑንና ፍሪጁን በየሳምንቱ ከቦታው አንሥታችሁ ሥሩን ጥረጉ። ቆሻሻው ከወጥ ቤት ሳይወጣ በር አይዘጋ። ማታ ከተዘጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛ በባትሪ መብራት ወጥ ቤቱን ይይ፣ ያየውን በደብተር ይጻፍ። በቀን ብርሃን በረሮ የምታዩ ከሆነ ግን መደበቂያው ሞልቶ ነውና አንድ ቀን ዘግታችሁ አጽዱ። የአንድ ቀን ገቢ ይመለሳል።

ደንበኞችም ድርሻ አለን። በረሮ ያየ ሰው ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱን ጠርቶ ይንገረው። ውርደት የፈራ ባለሆቴል ችግሩን ይደብቃል፤ የተደበቀ በረሮ ደግሞ ይራባል። ሁለት ጊዜ ተነግሮት የማይሰማ ካለ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ መብታችን ነው፣ ግዴታችንም።

አከራዮች፣ የግቢው ኮርኒስና ቧንቧ የእናንተ ነው። ተከራይ ብቻውን ሊያሸንፍ አይችልምና ለማጥመጃውና ለሲሚንቶው እናንተ አዋጡ፤ ቀኑንም እናንተ ወስኑ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎችም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ማጥመጃ እንዴት እንደሚደረግ ብታሳዩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ትልቅ ሸክም ታቃልሉላቸዋላችሁ። ከማዘጋጃ ቤቶቹ የምንጠብቀው በዘመቻው ሳምንት የቆሻሻ ጋሪ ከመምሸቱ በፊት በየሰፈሩ እንዲዞር ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል መልሱ እጃችን ላይ ነው። ለቅቤ ዊጆ የሚገቡ እናቶች፣ ለሰንጋ የሚያዋጡ አባቶች ያሉበት አገር ለአንድ ግቢ ጄል መግዣ ማዋጣት አይከብደውም። የሰፈሩ ኢድር በሚቀጥለው ስብሰባው ጉዳዩን ያንሣ፤ አንድ ሰው ይመረጥ፣ ከታወቀ መደብር በአንድነት ይገዛ፣ በየቤቱ ይከፋፈል።

ቀኑንም ልንገራችሁ። ከነሐሴ 1 እስከ 7 መጀመሪያው ዙር ይሁን፤ ማድረቅ፣ መድፈን፣ ማጥመጃ ማድረግ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቆማሉ፣ በረሮም የሚያሸንፈን እዚህ ላይ ነው። እንስቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል በአንድ ከረጢት ይዛ እስኪፈለፈል ድረስ ተሸክማው ትዞራለች፤ በመጀመሪያው ዙር ያልሞተች አንዲት እንስት ቤቱን እንደገና ትሞላዋለች። ስለዚህ ከነሐሴ 22 እስከ 28 ሁለተኛው ዙር ይደረግ፤ ያለቀው ማጥመጃ ይተካ፣ ጠርሙሱ የያዘው ይቆጠር። መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ሁሉም በሌሊት መብራት አብርቶ ወጥ ቤቱን ይመልከት። አሁንም ያለበት ቤት ካለ ጎረቤቶቹ ገብተው ያግዙት፤ ብቻውን አይተው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ወጥ ቤታችሁን አድርቁ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉ ጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩና ነሐሴ 1 አብረዋችሁ እንዲጀምሩ ጠይቋቸው።