ድብ የለም ብሎ ስንቅን መበተን

ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደር በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ መንገደኛ ወረታን ሳያቋርጥ አያልፍም። ድሮ እንዲህ የሚያልፈው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። አሁን ድንኳንና ስንቅ ያዘሉ የራሳችን ወጣቶችም እየበዙ ነው፤ ይህ በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ምግብን ከድብ ስለመጠበቅ የተጻፈውን ምክር ያነበቡት እንኳ እዚህ ድብ ስለሌለ ነገሩ እኛን የማይመለከት ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፣ በአፍሪካ የነበረው የአትላስ ተራሮች ድብ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቢሆንም ነገሩ ይመለከተናል። በአሜሪካ ዮሰሚቲ ፓርክ በጫካ የሚያድር ተጓዥ ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ እንዲይዝ የሚገደደው ለራሱ ደህንነት ብቻ ተብሎ አይደለም። የሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ከሰው ሰፈር መራቅ ይተዋል፣ ይደፍራል፣ በዚህም የተነሳ የተገደሉ ድቦች አሉ።

በእኛ ሰሜን ተራሮችም በድቡ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ጭላዳ ሣር በል ነው። ብስኩት የሚወረውርለት ጎብኚ ፎቶውን አንስቶ በማግስቱ ወደ ደባርቅ ከተማ ይወርዳል። ከሰው እጅ መብላት የለመደው እንስሳ ግን እዚያው ከገብስ ማሳው ባለቤት ጋር ይቀራል። በሳንቃበርና በጨነቅ ማደሪያዎች ቁራው ድንኳኑ ዙሪያ የሚያንዣብበውም ትራፊ ስላስለመድነው ነው። የጊች መንደር ነዋሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ቀያቸውን ለቀዋል። የአካባቢው ሰው ይህን ያህል ከከፈለ፣ እንግዳው የምግብ ዕቃውን እንዲከድን ቢጠየቅ ምን ይበዛበታል?

አዝመራን ከእንስሳ መጠበቅ ምን እንደሆነ ወረታ ያለችበት የፎገራ ሰው ያውቃል። ሩዙ ሲያሽት ልጆች ሳይቀሩ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ማሳው ጣና ዳር የሆነበት ደግሞ ጨለማ ለብሶ ከሐይቁ የሚወጣውን ጉማሬ እሳት አንድዶና ጮሆ ሲመልስ ያድራል፤ ጉማሬ ከሚበላው የሚረግጠው ይብሳል። ወፉንም ጉማሬውንም ማንም አላስለመዳቸውም፣ ተፈጥሯቸው ነው። የደጋው ገበሬ ግን ጎብኚ ባስለመደው እንስሳ ምክንያት እንቅልፍ ሊያጣ አይገባም።

ለተራራ ጉዞ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያህል ስንቅ የለም። አይበላሽም፣ የሚጣል መጠቅለያም የለውም። ሌላውን ምግብ ክዳኑ ጠበቅ ባለ ባልዲ ይዞ፣ ሲመሽ ከድንኳን ማራቅና ተራ ገብቶ መጠበቅ ነው። አስጎብኚዎችም ጉርሻ ይቀርብናል ብለው ዝም ማለታቸውን ቢተዉ መልካም ነው፤ እንስሳ አትመግቡ የተባለ እንግዳ ምክንያቱ ከተነገረው አይቀየምም። ትራፊ መቅበርም አያዋጣም፣ ጅብና ቀበሮ ቆፍረው ያወጡታል። ስንቅ ጭኖ የወጣው በቅሎ ሲመለስ ጭነቱ ቀሎለታልና ቆሻሻው በእሱ ይውረድ።