ቆጮ ከየትኛው ሣጥን ይግባ?

የኤኮኖሚ ሊቃውንት ሦስት ሣጥን አላቸው፤ እርሻ፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት። ለመሆኑ በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ የሚሸጠውን ቆጮ ከየትኛው ሊከቱልን ነው?

እንሰት መትከል እርሻ ነው፤ እንስማማ። ከዚያ በኋላ ያለውስ? የጉራጌ እናት ግንዱን ትፍቃለች፤ ሥሩን ትከትፋለች፤ ጨምቃ ቡላውን ታዘቅጣለች፤ ቃጫውን ትለያለች፤ የቀረውን ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብራ ለወራት ታብላላለች። ይህንኑ ሞተር ያለው ድርጅት ቢሠራው «የምግብ ኢንዱስትሪ» በተባለ ነበር!

«ኧረ ይሄ የጓሮ ሥራ ነው» የሚሉን አሉ። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኤኮኖሚ ሥራዎች ምደባ ግን እንዲህ አይልም። ጥሬ ዕቃን ለውጦ አዲስ ምርት ማውጣት በእጅም ይሁን በሞተር፣ በፋብሪካም ይሁን በቤት፣ ኢንዱስትሪ ነው ይላል። ችግሩ ወዲህ ነው፤ ምደባው እያንዳንዱን ተቋም በዋና ሥራው ይጠራል። ቤቱ «ገበሬ» ከተባለ የሴትዮዋ ፋብሪካ ከማሳው ሥር ይቀበራል።

ነገሩ የስም ጠብ አይደለም። ለኢንዱስትሪ ብድርና መሣሪያ ሲታደል ስሟ ያልተጻፈላትን ማን ያስታውሳታል?

ስለዚህ እንላለን፤ መዝጋቢው ማሳውን ለክቶ አይመለስ፤ ጓሮ ይዝለቅ። ባሏን ብቻ ሳይሆን እሷንም «ሥራሽ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የምትለውንም ይጻፍ!