«ሳንባዬ የኔ ነው» ካልን የጎረቤታችን ሳንባስ የማን ነው?





ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ በሚወርድ መኪና የተሳፈረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አቧራው እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር አንዱ ሲጋራ ይለኩሳል። ሕፃን የታቀፈች እናት በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች፣ አንድ አዛውንት ያስላሉ፣ የቀረነው ዝም እንላለን። አጫሹን ብንጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «በገንዘቤ የገዛሁት ነው፣ ሳንባውም የኔ ነው።»

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። በሀገራችን ሕግ ለአዋቂ ሰው ማጨስ በራሱ ወንጀል አይደለም። በአንድ ወቅት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን ከልክለው የአጫሹን ከንፈር ያስቆርጡ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ወደዚያ እንመለስ የሚል የለም። በሰው ገላ ላይ በመጨከን ሱስ አይነቀልም።

ሌላው ግማሽ ግን ጢሱ ነው። ጢሱ ከአጫሹ አፍ ከወጣ በኋላ የግል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከእነዚህ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የማያጨሱ፣ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው። እ.ኤ.አ በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ግን ከመቶ ወደ 30 የሚጠጉት በሥራ ቦታቸው ለጢስ ይጋለጣሉ። ጥቂቶች ያጨሳሉ፣ ብዙዎች ይተነፍሳሉ።

ሕጉም ድንበሩን እዚህ ላይ ነው ያሰመረው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ይከለክላል። ውጭም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥም ክልክል ነው። እንግዲህ ታናሽ ወንድማችንን «ሱቅ ሂድና ሲጋራ ግዛልኝ» ብለን ስንልክ ምን እያደረግን እንደሆነ እናስብ። ጎረቤታችን መቀሌ ደግሞ አዋጁ ሳይወጣ፣ በ2007 ዓ.ም በሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከልክላለች። ስለዚህ «ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው» ማለት አያስኬድም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ነጭ ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው። ሆኖም የበላው ሰው ሽታው እስኪለቀው ከመስጂድ እንዲርቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዝዘዋል። ሐላል በሆነ፣ በማይገድል ነገር እንኳ የጎን ሰጋጅ መብት እንዲህ ከተጠበቀ፣ በሚገድል ጢስማ ምን እንላለን?

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? ይሉኝታ ነው። ታናሽ ታላቁን፣ ተሳፋሪ ሾፌሩን፣ አስተናጋጇ ደንበኛዋን «አጥፋልኝ» ለማለት ትፈራለች። በርጫ ላይ ደግሞ ይብሳል። በሩ ተዘግቶ አራት ሰው ሲያጨስ፣ የማያጨሰው አምስተኛው «ባላባት መሰለ» እንዳይባል ይቀመጣል። ቡና የምታቀርበው ልጅ ግን ምርጫ የላትም፤ እንጀራዋ ነው። እሷን ወጥተሽ ተንፍሺ ማለት አይቻልም። መውጣት የሚችለው አጫሹ ነው። ከባዱ ሸክም የሚገባውም መውጣት ለሚችለው ነው።

«እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ በእንጨት ጭስ ይታጠኑ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የማገዶ ጭስም ይጎዳል። ግን እናታችን እሳት የምታነደው ቤተሰብ ልትመግብ ነው። ደግሞስ ቀን ሙሉ ጭስ የጠጣ ሳንባ ላይ ማታ የሲጋራ ጢስ መጨመር ለእናት መቆርቆር ነው?

አጫሹም መብት አለው። ስድብ አይገባውም። ከመስጂድ ሊሸሽ፣ ከጓደኛ ሊገለል፣ ከሥራ ሊባረር አይገባም። ሱስ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ የጀመረው በልጅነቱ ነው፤ ማቆም ሲፈልግም ኒኮቲን አይለቀውም። ሊተው ሲሞክር የሚያበረታው እንጂ የሚያሾፍበት አያስፈልገውም። ደጅ ወጥቶ፣ ከበሩ ርቆ ሲያጨስም «ነውረኛ» ብለን አንከተለው፤ የተጠየቀውን አድርጓልና።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ቤታችን፣ ሱቃችን፣ በርጫችን ውስጥ አይጨስ። ሻይ ቤት ያለን በሩ ላይ እንጻፈው። ሾፌሮች ከመነሳታቸው በፊት አንዴ ይናገሩ፤ ያኔ ተሳፋሪ ከተሳፋሪ አይጣላም። የሚያጨስ ካጋጠመን በሰው ፊት ሳናሳፍር ጠጋ ብለን «ወንድሜ፣ ደጅ ብትወጣልን?» እንበል። አብዛኛው ሰው በወግ ሲጠየቅ ይሰማል። ካልሰማም ሕጉ ከእኛ ጋር ነው።

አላህ ለራሳችንም ለጎረቤታችንም የምናዝን ያድርገን።